የቴሌስኮፕ ምስል አይታ ወደ ብሩሽ ለተመለሰች እህት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ 38 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቤቴ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሃይስኩል እያለሁ ደብተሬ ሁሉ ሥዕል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተውኩት፤ ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ። ባለፈው ሰሞን ልጄ ጄምስ ዌብ የሚባለው ቴሌስኮፕ ያነሣውን፣ ያንን ገደል የሚመስል ብርቱካናማ ደመና ስልኳ ላይ አሳየችኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። በማግሥቱ አክሪሊክ ቀለምና ሸራ ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ጭቃ ሆኑ። ጥቁሩ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በር ይመስላል፤ ኮከቦቹ የተበተነ ሩዝ። እጄ ሞቶ ነው ወይስ ቀለሙ ነው? ትምህርት ቤት ልመዝገብ? ደግሞስ የቴሌስኮፕ ፎቶ አይቶ መገልበጥ ሥዕል ይባላል?»

እህቴ፣ ሩዙን በደንብ አውቀዋለሁ፤ እኔም በትኜዋለሁ። ያውም ተማሪ ሆኜ ሳይሆን ሰው ማስተማር ከጀመርኩ ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዳ መቀበያው «የሕዋ ነገር» ሥራልን ብሎኝ 2 ሜትር ሸራ ጥቁር ቀባሁና ነጭ ነጭ ነጥብ አደረግሁበት። ሊረከብ የመጣው ልጅ ትንሽ ቆሞ አየና «ጋሼ፣ በረዶ ነው?» አለኝ። ሸራውን ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን ቤት አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የቆመው።

እጅሽ አልሞተም። ሃያ ዓመት ያልሠራ እጅ ይደነድናል እንጂ አይረሳም። ማታ ማታ 20 ደቂቃ፣ በእርሳስ፣ ቤት ውስጥ ያገኘሽውን ሁሉ ሣዪ፦ ጀበናውን፣ የልጅሽን ጫማ፣ በር ላይ የተንጠለጠለውን ነጠላ። በአንድ ወር ይፍታታል። ነጠላውን በተለይ አትለፊው። የጨርቅ እጥፋትና የጋዝ ደመና አሣሣላቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚታዩት ብርሃን በአንድ ጎን ስለነካቸው፣ በሌላው ስለሸሻቸው ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንቺ ከቀለም ጀመርሽ። ያንን ምስል የሠሩት ሰዎች ግን ከቀለም አልጀመሩም።

እንዴት እንደተሠራ ልንገርሽ፤ የሥዕል ትምህርትሽ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው። ዌብ የተወነጨፈው ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ልጅሽ ያሳየችሽ ምስል ደግሞ ይፋ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጣ። ቦታው ካሪና ኔቡላ በሚባል ግዙፍ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥ ያለ፣ ኤንጂሲ 3324 የሚባል ኮከብ የሚወለድበት ሥፍራ ጠርዝ ነው። ከእኛ 7,600 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። ያ «ገደል» ያልሽው ከፍተኛው ጫፉ 7 የብርሃን ዓመት ያህል ቁመት አለው። ቴሌስኮፑ የሚያየው በአብዛኛው ዓይናችን የማያየውን ብርሃን፣ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የሚሉትን ነው። ካሜራው ደግሞ ቀለም አያውቅም። አንድ ማጣሪያ ከፊቱ ይደረግለታል፣ በግራጫ ያነሣል፤ ሌላ ማጣሪያ ይደረጋል፣ እንደገና በግራጫ ያነሣል። ያ ገደል 6 ግራጫ ምስሎች ነው።

ግራጫዎቹም እንደመጡ ቢታዩ ጥቁር ናቸው። መረጃው ሁሉ ጨለማው ጫፍ ላይ ተጨምቆ ነው የሚመጣው። ባልቲሞር ባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ውስጥ የሚሠሩት ጆ ደፓስኳሌና አሊሳ ፓጋን የመሳሰሉት ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚሠሩት ያንን ጨለማ መዘርጋት ነው፦ ደብዛዛውን እያወጡ፣ የሚያንጸባርቀው እንዳይቃጠል እየያዙ። ከዚያ በኋላ ነው ቀለም የሚመጣው። ረጅሙን የሞገድ ርዝመት ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ፣ በመካከል ያሉትን በመካከል ያሉ ቀለሞች ይሰጧቸዋል። ብርቱካናማው ገደል «ብርቱካናማ» የሆነው ሰው ስለወሰነ ነው። ውሳኔው ሥርዓት አለው፣ ዝም ብሎ ውበት አይደለም፤ ግን ውሳኔ ነው።

ከዌብ በፊት ሐብል የተባለው ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1995 ያነሣቸውን የንሥር ኔቡላ ምሰሶዎች አይተሽ ይሆናል፤ ሦስት ጣት የመሰሉት። እዚያም ለሰልፈር ቀይ፣ ለሃይድሮጅን አረንጓዴ፣ ለኦክስጅን ሰማያዊ ነው የተሰጠው። የሃይድሮጅኑ ብርሃን በእውነቱ ቀይ ነው፣ የሰልፈሩም ቀይ ነው። ሁለቱንም እንዳሉ ቢተዉአቸው አይለዩም ነበር። ስለዚህ አንዱን አረንጓዴ አደረጉት። ሠዓሊ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል?

ይህን ከማወቄ በፊት ተናድጄ ነበር። የእህቴ ልጅ ቴሌስኮፕ ተውሶ መጥቶ ጣሪያ ላይ ወጣን፤ ጥር ወር ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ነበር (ለአንዴ ደስ ብሎን)። በዚያ ሰዓት ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ፣ መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ስሙ ያለው፣ አዲስ አበባ ላይ ከሞላ ጎደል ከአናት በላይ ነው። ከሦስቱ ተደርዳሪ ኮከቦች ሥር ያለውን ኔቡላ አነጣጠረልኝና «እየው» አለኝ። አየሁ። ሮዝና ሐምራዊ ጠብቄ ነበር። ያየሁት መስታወት ላይ እንደተነፈሱት ትንፋሽ ያለ ግራጫ ነገር ነው። ቴሌስኮፑ የተበላሸ መሰለኝ። የተበላሸ ነገር የለም፤ ደብዛዛ ብርሃን ላይ የሚሠራው የዓይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ያን ሌሊት ግን ለረጅም ጊዜ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥር ግራጫው ውስጥ ሌላ ግራጫ ይወጣል። ከክንፍ የመሰለው ጎኑ አንዱ ጠርዝ ሹል ነው፤ ሌላው ሳይታወቅ ነው የሚጠፋው። ወደ ቤት ገብቼ በእርሳስ ሠራሁት፤ ከዚያ የበረዶ ሥዕል በ10 እጥፍ ይሻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትእዛዜ ይሄ ነው፤ ቀለሙን አስቀምጪው። ልጅሽ ያሳየችሽን ምስል ስልክሽ ላይ ክፈቺና በፎቶ ማስተካከያው ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ከዚያ ዘቅዝቂው፤ ገደሉ ከላይ ይሁን። ሕዋ ውስጥ ላይና ታች የለም፤ ምስሉን ገደል አስመስለው ያቆሙት ሰዎች ናቸው። ሲዘቀዘቅ አእምሮሽ «ተራራ» ማለቱን ይተውና ቅርጹን ብቻ ያያል። ወረቀት ላይ 5 ካሬ ሥሪ፤ ከነጭ እስከ ጥቁር በ5 ደረጃ ሙዪአቸው። ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ምስሉን እዪና እያንዳንዱ ሥፍራ ከ5ቱ የትኛው እንደሆነ ወስኚ። ስድስተኛ አይፈቀድም። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይሄ አይከብድሽም፤ መዝገብ መመደብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ሳልነግርሽ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1609 እንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ ሣላት፤ ከጋሊልዮ በወራት ቀድሞ። ሥዕሉ ላይ ያለው ግን ማድያት የመሰለ ጥቁር ነጥብና የተሰበረ መስመር ነው። ጋሊልዮ በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቶ በቡናማ ቀለም ብቻ ሣላትና «ተራራ አለባት» አለ። በእርግጥ የጋሊልዮ ቴሌስኮፕ የተሻለ ያጎላ ነበር። ግን ብዙ የሥዕል ታሪክ አጥኚዎች የሚያነሡት ሌላም ነገር አለ፦ ጋሊልዮ የፍሎረንስ ሰው ነው፣ ብርሃንና ጥላ የተማረ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1613 የከተማዋ የሥዕል አካዳሚ አባል አድርጎታል። ጥላ አይቶ ከጀርባው ያለውን ጉብታ ማንበብ ለምዶ ነበር። ግራጫ ማለት ቀለም የጎደለው ሥዕል ማለት አይደለም፤ የነገሩ አጥንት ነው።

አሁን ወደ ጭቃው። ስልክሽ ላይ ያለው ቀለም ብርሃን ነው። ብርቱካናማ ብርሃንና ሰማያዊ ብርሃን ሲደራረቡ ወደ ነጭ ይቀርባሉ፣ ይበራሉ። ቱቦ ውስጥ ያለው ቀለም ግን ብርሃን አይጨምርም፤ ይበላል እንጂ። ብርቱካናማው ሰማያዊውን ይበላል፣ ሰማያዊው ብርቱካናማውን፤ የሚተርፍሽ ቡናማ ግራጫ ነው። ጭቃ ያልሽው እሱ ነው። እርጥብ በእርጥብ ላይ እያሻሸሽ «እንዲዋሐድልኝ» ባልሽ ቁጥር ጭቃው ይበዛል። መዋሐድ የለባቸውም።

ምስሉን አጉልተሽ ገደሉና ሰማዩ የሚገናኙበትን ጠርዝ ተመልከቺ። ሁለቱ ቀለሞች አይነካኩም። በመካከላቸው አክንባሎው ሲነሣ ከምጣዱ የሚወጣውን እንፋሎት የመሰለ ነጣ ያለ ስስ ነገር አለ። ከምስሉ ክፈፍ በላይ ያሉ ግዙፍና ወጣት ኮከቦች አልትራቫዮሌት ጨረራቸው ግድግዳውን እየሸረሸረ ነው፤ የሞቀው ጋዝ ከግድግዳው እየተነሣ ይሄዳል። እንፋሎት ሲባል እውነትም እንፋሎት ዓይነት ነው። አንቺ ደግሞ እሱን በብሩሽ ማድረግ ትችያለሽ፦ ሥሩ ያለው ቀለም ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ጠጉሩ የሳሳ አሮጌ ብሩሽ ወስደሽ ጥቂት ነጭ አስነኪው፤ አብዛኛውን ጨርቅ ላይ ጥረጊው፤ «አለቀ» ስትዪ በቀረው ሸራውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጊ። እጅሽ መክበድ የለበትም። ብሩሹ የሸራውን ጉብታ ብቻ ነክቶ ጎድጓዳውን ይተወዋል፤ እንፋሎቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሠራሩ በጠቅላላው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሙሉውን ሥዕል በግራጫ ጨርሺ፤ ቀለም ሳይገባበት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል የማያሳፍር ይሁን። ከሚገባው ትንሽ አንጣ አድርጊው፤ በላዩ የሚመጣው ቅብ ያጠቁረዋልና፤ ደግሞ አክሪሊክ ራሱ ሲደርቅ ይጠቁራል፤ እርጥብ ሳለ ማጣበቂያው ወተት ይመስላል፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። ከዚያ በኋላ ቀለሙን በስሱ፣ እንደ ሻይ አቅጥነሽ፣ በግራጫው ላይ ዘርጊ። ለገደሉ በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ከጥቂት ቢጫ ጋር፤ ይድረቅ። ለሰማዩ ሰማያዊ፤ ይድረቅ። እንደገና። አራት አምስት ስስ ቅብ አንድ ወፍራም ቅብ የማይሰጠውን ጥልቀት ይሰጣል። ለማቅጠን ውሃ ብቻ ካበዛሽ ቀለሙ የሚይዝበትን ኃይል ያጣና ይፈረፈራል፤ ለአክሪሊክ የተሠራ ማቅጠኛ ብታገኚ ጥሩ ነው። የእንጨት ኮላ በውሃ የሚያቀጥኑ አሉ፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት።

ደግነቱ የአዲስ አበባ አየር ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ስስ አክሪሊክ ቡና ሳይፈላ ይደርቃል። የሚያስቸግርሽ ሰሃኑ ላይ ያለውም አብሮ መድረቁ ነው። ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ሶፍት ደራርበሽ በውሃ አርሺው፤ በላዩ ኬክ የሚጋገርበትን ወረቀት አንጥፊ፤ ቀለምሽን እዚያ ላይ አድርጊ። ማታ በፌስታል ሸፍነሽው ብታድሪ ጠዋትም ይሠራል።

ጥቁሩን ደግሞ ከቱቦ አትውሰጂ። የቆርቆሮ በር ያደረገብሽ እሱ ነው። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር የሚባለውን ቡናማ እኩል ቀላቅዪ፤ ጥቁር ለመባል የሚበቃ ይሆናል፤ ግን ሕይወት አለው። ሰማያዊው ሲበዛ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል፤ አንዱ ጥግ ቀዝቃዛ ጥቁር፣ ሌላው ጥግ ሙቅ ጥቁር ስታደርጊ ጠፍጣፋነቱ ይጠፋል። ስትገዢ ቱቦው ጀርባ ላይ ያለውን ትንሽ ኮድ አንብቢ። አልትራማሪን ፒቢ 29 ነው፣ ነጩ ፒደብሊው 6 ይሁን። አንድ ቱቦ ላይ ሦስት አራት ኮድ ካለ ቀለሙ ፋብሪካ ውስጥ ተቀላቅሎ የመጣ ነው፤ አንቺ ደግሞ ስትጨምሪበት ወደ ጭቃ ይቸኩላል። ባለ 24 ሳጥን ከመግዛት 5 ጥሩ ቱቦ ይሻላል፦ ነጭ፣ አልትራማሪን፣ በርንት አምበር፣ በርንት ሲየና፣ አንድ ቢጫ። ፒያሳም መርካቶም ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ውስጥ ቱቦ በቱቦ የሚሸጡ አሉ፤ ጠይቂ።

ጀሶ ስትጠይቂም ተጠንቀቂ። እኛ ጀሶ የምንለው የግድግዳ ልስኑን ነው፤ ሠዓሊም ጀሶ የሚለው አለ፤ ሸራ ላይ በመጀመሪያ የሚቀባው ነጭ። ስሙ ከአንድ የጣልያን ቃል የመጣ ቢሆንም የኮንስትራክሽን ሱቅ የሚሰጥሽ ዱቄት ሸራ ላይ ይሰነጠቃል። «ለሥዕል የሚሆን አክሪሊክ ጀሶ» በይ። ለልምምድ ግን ሸራ አታባክኚ። ምናለሽ ተራ ያረጀ የኮምፐንሳቶ ቁራጭ ይገኛል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽ ሁለት ዙር ነጭ ብትቀቢው በርካሽ ከተገዛ ሸራ የተሻለ ነው፤ በተለይ ስስ ቅብ ላይ።

ኮከቦቹ። ሩዝ የሆኑት በሦስት ምክንያት ነው፦ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ሁሉም ነጭ ናቸው፣ እኩል ርቀት ላይ ናቸው። እጃችን ነጥብ አድርጊ ሲሉት ሳያውቀው ይደረድራል፤ እንደ ጥልፍ። ስለዚህ እጅሽን ከጨዋታው አውጪው። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ወስደሽ በቀጠነ ነጭ አስነኪና በአውራ ጣትሽ ጠጉሩን ወደ ራስሽ ሳቢ፤ ነጠብጣቡ ወደ ሸራው ይረጫል። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክሪ፤ ቀለሙ ከቀጠነ እንባ ይሆናል፣ ከወፈረ አይወጣም። ገደሉ ላይ ወረቀት ሸፍኚበት። ሸራውን መሬት ላይ አጋድሚው፤ ልጅሽ ይሄን ሥራ ትወደዋለች፤ ግድግዳሽን ግን ጋዜጣ አልብሺው። ደቃቁ ከበቃሽ በኋላ 10 ወይም 12 የሚሆኑትን ብቻ በእጅሽ ጨምሪ፤ ከዚያ ውስጥ ትልቅ የሚባለው ከ2 አይብለጥ። ቀለማቸውንም ለዪ። በጥር ማታ ኦሪዮንን ስታዪ አንዱ ትከሻው፣ ቤትልጅስ የሚሉት፣ ፍም ይመስላል፤ እግሩ ሪጀል ሰማያዊ ነጭ ነው። ልዩነቱ የሙቀት ነው፤ ቀላ ያለው ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው የጋለ። ለሠዓሊ ተገላቢጦሽ ነው፤ እኛ ቀዩን «ሙቅ ቀለም» ነው የምንለው።

ሦስተኛው ሥዕልሽ ላይ ኮከቦቹን መስቀል አድርገሻቸዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ሁሉም ያደርጋል። ያ ጮራ ከኮከቡ አይደለም፤ ከቴሌስኮፑ ነው። የሐብል ምስል ላይ 4 ጮራ ታያለሽ፤ ሁለተኛውን መስታወት የያዙት ዘንጎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ነው። የዌብ ላይ 6 ትልልቅና 2 ትናንሽ አሉ፤ ባለ ስድስት ጎን የሆኑት 18 መስታወቶቹና ዘንጎቹ አንድ ላይ ያመጡት ነው። ጮራ ሣልሽ ማለት ቴሌስኮፑን ሣልሽ ማለት ነው። ክልክል አይደለም። ግን የዌብን ገደል ሠርተሽ ኮከቡን 4 ጮራ ካደረግሽው፣ አንድ የሚያውቅ ልጅ ቆሞ ይስቅብሻል። ከተማሪዎቼ አንዱ እኔ ላይ ስቋል።

ስለ ቤትሽ ብርሃን አንድ ነገር። መጻሕፍቱ ሁሉ «ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት አጠገብ ሥሪ፤ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም» ይላሉ። ያ የአውሮፓ ምክር ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነን፤ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በእነዚህ ወራት ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ፀሐይ ከሰሜን ልትመጣብሽ ትችላለች፤ ነጭ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጊበት። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ማታ መሥራትሽ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር የቀላቀልሽው ሰማያዊ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሻል። ማታ ግራጫውን ሥሪ፣ ቀለሙን ለቅዳሜና እሑድ ቀን አቆዪው። ለሥራ ሰው ክፍፍሉም ይመቻል።

ትምህርት ቤት? አሁን አትመዝገቢ። ክፍል የሚገባ ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚማረው ሌሎች ከእሱ እንደሚበልጡ ነው፤ አንቺ ከ20 ዓመት በኋላ ስትመለሺ ይሄ ትምህርት አያስፈልግሽም። 5 ግራጫ ሥሪና ከዚያ በኋላ የንድፍ ክፍል ፈልጊ፤ የቀለም ሳይሆን የንድፍ። እስከዚያ ድረስ አንድ ቅዳሜ ከግንፍሌ በእግርሽ ወደ ስድስት ኪሎ ውጪና የሠዓሊውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም እዪ። ስታዪ ቀለሙ እንዴት እንዳማረ አይደለም የምትፈልጊው፤ ጠርዙን ፈልጊ። የት ላይ ሹል አድርጎ እንደቆረጠ፣ የት ላይ ለቆ እንዳጠፋው። አንድ ሥዕል ፊት 15 ደቂቃ ቁሚ። ጠባቂው ቢያይሽ ያይሽ።

መገልበጥ ሥዕል ይባላል ወይ ላልሽው፦ የናሳ ምስሎች በአብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፣ የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት የሐብልና የዌብ ገጾች ላይ ያሉትም ምንጩን እስከጠቀስሽ ድረስ ይፈቀዳሉ። ስለዚህ ሥዕልሽን ብትሸጪውም ከጀርባው ምንጩን ጻፊ እንጂ ማንም አይከስሽም። የሚያሳስበኝ ሕጉ ሳይሆን ስልኩ ነው። ስልክ ገልባጭ የሆነ ሰው ሦስተኛው ሥዕል ላይ ይሰለቻል፤ ምክንያቱም ስልኩ ሁልጊዜ ያሸንፈዋል፤ እሱ ያበራል፣ ሸራ አያበራም። ሁለቱን ገልብጪ፤ ሦስተኛው ላይ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፊና ከግራጫ ንድፎችሽ ብቻ ሥሪ። ቀለሙንም አንቺ መድቢ። እነሱ ለሃይድሮጅን አረንጓዴ ከሰጡ፣ አንቺ ለገደሉ የመስቀል አበባ ቢጫ ብትሰጪው ማን ይከለክልሻል? ብቻ እንደ እነሱ ሥርዓት ይኑርሽ፤ በጣም የሚያበራው አንድ ቀለም፣ ደብዛዛው ሌላ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትቀይሪው።

በዚህ መንገድ ከእኛ የቀደመ ሰውም አለ። የአዲስ አበባው ልጅ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 ፓሪስ ሳለ «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ብሎ የሰየመውን ሠራ። የሐብል መወንጨፍ ገና 26 ዓመት ይቀረው ነበር፤ ከየትኛውም ስልክ አልገለበጠም። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በጨለማ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ጨለማው ግን ባዶ አይደለም፣ ሞልቶ ነው ያለው። ሥዕሉ አሁን አሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ስለሆነ የምታገኚው በፎቶ ነው። ስታገኚው እሱንም ጥቁርና ነጭ አድርጊና እዪው። ያኔ ስለ 5ቱ ካሬ የነገርኩሽ ይገባሻል።

አንድ የቀረኝ አለ። ያ ያየሽው ካሪና ከአውሮፓ ከተሞች አይታይም፤ ከአድማስ በታች ነው። ከግንፍሌ ግን ይታያል። በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ደመና ካልመጣ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጣሪያው ላይ ውጪና ፊትሽን ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ደቡብ አዙሪ። ክንድሽን ዘርግተሽ ጭብጥሽን አድማሱ ላይ አስቀምጪ፤ በላዩ ሌላ ጭብጥ ደርቢ። እዚያ አካባቢ ነው። ከመንገዱ መብራት የተነሣ የጋዙን ደመና በዓይንሽ ላታዪው ትችያለሽ፤ ተራ ባይኖክላር ካገኘሽ ግን ትንሽ ግራጫ ጭጋግ ትይዢያለሽ። እርሳስሽን ይዘሽ ውጪ፤ ልጅሽንም ጃኬት አልብሻት።

የመጀመሪያውን ግራጫ ስትጨርሺ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ቀለም ሳትጨምሪበት።